ኢንጂነር አይደለህ? ውጣና አስተካክለው!

ቅዳሜ ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ በሩ ተንኳኳ። የላይኛው ግቢ እማማ ናቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሪሞት በእጃቸው ይዘው። "ልጄ፣ ሌሊት ንፋሱ ዲሹን አዙሮት ምንም አያሳይም፣ ና እስቲ ውጣና አስተካክልልኝ፣ ኢንጂነር አይደለህ?"

ነኝ። ሲቪል ኢንጂነር ነኝ። የማውቀው ኮንክሪት ነው። ዲሽና ኮንክሪት የሚገናኙት ዲሹ ከጣሪያ ወድቆ ሲፈጠፈጥበት ብቻ ነው።

እምቢ ማለት ግን አይቻልም፣ አዝለው ያሳደጉኝ ሴት ናቸው፣ ደግሞ የቡናው ሽታ እስከ በሬ ደርሷል። ቆርቆሮው ላይ ወጣሁ። እኔ ከላይ ሳዞር እሳቸው ከታች "መጣ! ኧረግ ሄደ! ወዲህ! አይ ወዲያ!" ይሉኛል። ሳተላይቱ በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ እንዳለ አውቃለሁ፣ እሱማ የሆነ ቦታ አንብቤያለሁ፣ ችግሩ እኔ ያለኝ ዲግሪ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። አርባ ደቂቃ ሙሉ ዞሬ ያመጣሁት ነገር ቢኖር የማይታወቅ አገር የኳስ ጨዋታ ነው፣ እሱም ያለ ድምፅ።

ቆይ ግን፣ ኢንጂነር ማለት የተበላሸ ነገር ሁሉ የሚነካካ ሰው ነው ያለን ማነው? ፍሪጅ ቢሞት ኢንጂነር፣ ስልክ ቢደርቅ ኢንጂነር፣ ውሃ በፈረቃ ነው ተብሎ ሳምንት ሲቆይ ጀሪካን ይዞ በሬ ላይ የሚቆመው ሰው "ኢንጂነር፣ መቼ ነው የሚመጣው?" ይለኛል፣ የጎንደርን ውሃ የሚያጠጣውን የአንገረብ ግድብ በኪሴ ይዤ የምዞር ይመስል።

እኔስ ምን ሆንኩ፣ ጓደኛዬ አለላችሁ እንጂ። ጣና ላይ ዓሣ የሚያጠና ነው። ጣና ውስጥ ትልልቅ የሆኑ፣ የአንድ ዘር የሆኑ አሥራ አምስት ገደማ የዓሣ ዝርያዎች አሉ፣ አብዛኞቹ ከጣና ሌላ የትም የሉም፣ እና የሱ ሥራ ሌሊት ተነስቶ ጎርጎራ ላይ ከአጥማጆች ጋር ጀልባ ውስጥ መንቀጥቀጥ ነው፣ ከዛ ዓሣውን አንድ በአንድ መለካት፣ መመዘን፣ ሆዱን ቀዶ ምን እንደበላ ማየት፣ መጻፍ፣ ነገም ያንኑ። በቃ ይሄው ነው፣ ፍንዳታ የለው፣ ጭስ የለው። ዶክትሬቱን የያዘ ለት ግን ሰፈሩ "ዶክተር" ብሎ ተሰለፈለት። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ወገባቸውን የሚያሳዩት አሉ። "እናቴ፣ እኔ እኮ የዓሣ ነኝ" ሲላቸው አንዷ ምን ቢሉት ጥሩ ነው፣ "ታዲያ ዓሣ ወገብ የለውም?"

እህቴ ደግሞ ላብራቶሪ ናት። ካላ አዛር የሚባለውን በሽታ ጎንደር ሆኖ የማያውቅ የለም፣ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ለቀን ሥራ የወረደው ልጅ በአሸዋ ዝንብ ተነክሶ፣ ከስቶ፣ ጣፊያው አብጦ፣ ትኩሳቱ አልለቅ ብሎት ነው የሚመጣው። ከጣፊያ ወይ ከመቅኔ ናሙና ይወሰዳል፣ መስታወት ላይ ይቀባል፣ ይቀለማል፣ ከዛ እሷ ማይክሮስኮፑ ላይ ትደፋለች። ተውሳኩ ካለ በየመስኩ፣ ማለትም በማይክሮስኮፑ በአንዴ በምትታየው ክብ ውስጥ፣ ስንት እንዳለ ትቆጥራለች። ከሌለ ግን "የለም" ለማለት ስንት መስክ ማየት እንዳለባት ታውቃላችሁ? 1000። ምንም የለም ለማለት ሺህ ጊዜ! እኛ ሰፈር በመስኮት አንዴ ታይታ "አርግዛለች" ተብሎ በተፈረደበት አገር ማለት ነው። ማታ ዓይኗ ቀልቶ ስትገባ ደግሞ እናቴ "ቁጭ ብለሽ ስትውይ ምን ያደክምሻል?" ትላታለች።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ይቺን ተረት እንደ ዳዊት ነው የምደግማት። ከአባቴ ነው የወረስኳት፣ ነፍሱን ይማረውና በሬ ሊገዛ ሲሄድ ጥርሱን ሳያይ ብር አያወጣም፣ ሻጩ በአርባ አራቱ ታቦት ቢምል እንኳን "ማልህ፣ እሺ፣ በል አሁን አፉን ክፈትልኝ" ነው መልሱ። ሰዎች ሳይንስ ሲባል ነጭ ጋውንና የሚፈላ ብልቃጥ ነው የሚታያቸው፣ ለኔ ግን አባቴ ነው የሚታየኝ፣ የሰው በሬ አፍ ውስጥ ገብቶ።

መጠርጠር ካልኩ አይቀር ያ ፎርማን ትዝ አለኝ። ስሙን አልጠራም፣ ድርጅቱንም አልጠራም፣ ግን አልረሳሁትም። የኔ ሥራ ምን መሰላችሁ፣ ኮንክሪት ሲሞላ ከዛው ላይ ተቀንሶ ጎን ለጎኑ 15 ሳንቲሜትር በሆነ የብረት ሳጥን ይወሰዳል፣ ኪዩብ እንለዋለን፣ ሲጠነክር ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ በ7 ቀኑ አንዳንዱ፣ በ28 ቀኑ ሌላው ማሽን ላይ ተጭኖ ጥንካሬው እንዲለካ እስኪሰበር ይጨመቃል። ድልድይ እነድፋለሁ ብዬ አምስት ዓመት ተምሬ እንጀራዬ ኮንክሪት መስበር ሆነ፣ ይሁን። ይሄ ሰውዬ ታዲያ ለኪዩቡ ሲሚንቶ ጨምሮ ለብቻው ያስቦካለታል፣ እንደ ሙሽራ ነው የሚያዘጋጀው፣ ሶሌታው፣ ማለትም የፎቁ ወለል ጋ ሲመጣ ግን "ወፈረ፣ አልሄድ አለ" እያለ በባሊ ውሃ ይለቅበታል። ትርፉ ውሃ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ሲተን ቦታው ላይ ቀዳዳ ትቶ ነው የሚሄደው፣ ጥንካሬው በዛው ይወርዳል። ወረቀቱ ላይ ኪዩቡ አንበሳ ነው፣ ሰው የሚኖረው ግን ኪዩብ ውስጥ አይደለም! ይሄንን ጽፌ ሳቀርብ ምን ተባልኩ፣ "ይሄ ልጅ መጽሐፍ ያበዛል"። አምስት ዓመት ሆነው። በዛ ሕንፃ በኩል ሳልፍ ዛሬም ወደ ማዶ ነው የምሻገረው። የምቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ እሻገራለሁ።

ጣሪያው ላይ ሆኜ ይሄን ሳብሰለስል ፊት ለፊቴ የፋሲል ግንብ። እዩት እንግዲህ፣ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በድንጋይና በኖራ ቆሟል። ጣልያን በወረራው ጊዜ "ላድስ" ብሎ ሲሚንቶ ለጠፈበት፣ ሲሚንቶ ደግሞ እልኸኛ ነው፣ ከኖራ ይልቅ ይጠነክራል፣ እርጥበቱን ግን አያስተነፍስም፣ ግንቡን ከውስጥ ነው የሚበላው፣ በኋላ ተነቅሎ በኖራ ተተካ። ስንት እጅ ኖራ፣ ስንት እጅ አሸዋ ብሎ የተወልን ወረቀት እኔ አላየሁም። ሙያ በልብ ነዋ! የዛሬ ባለሙያ እንዲህ ያለ አሮጌ ቅራፊ ሲሰጡት በአሲድ ኖራውን አሟሙቶ፣ የቀረውን አሸዋ በወንፊት ነፍቶ፣ መዝኖ ነው መልሶ የሚያሰላው። አንድ መስመር ቢጻፍ የሚያልቀውን ነገር።

ወይ፣ ዲሹ! እሱንማ አስረኛ ክፍል የሆነ የጎረቤት ልጅ ሠራው። ወጥቶ ምሰሶው ላይ ያለበትን በከሰል አሰመረ፣ ትንሽ አዞረ፣ እማማን "አሁንስ?" አለ፣ እንደገና አሰመረ፣ ከሰልና ትዕግስት በቃ፣ ስምንት ደቂቃ። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ አንድም ቦታ ምልክት አላደረግሁም ነበር፣ እኔ ሰውን ውሃ ያለ ልክ ጨመረ ብዬ የምከሰው!

እማማ ግን ኢንጂነር አላሉትም፣ "ጎሽ ማሙሽ" ብለው 200 ብር ሰጡት። እኔ በርጩማው ላይ ተቀምጬ ሁለተኛውን ቡና ጠጣሁ። ልጁ ሲወርድ "ጋሼ፣ አንተ ግን ምንድነው የተማርከው?" አለኝ።

ይሄን ስጽፍ ደግሞ ሰማዩ እየጠቆረ ነው። ከዘነበ ከሰሉ ይታጠባል፣ ልጁ ነገ ሰንበቴ ከእናቱ ጋር ይሄዳል፣ የሚንኳኳው በር የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።