ልጓም እምቢ ለሚል ፈረስ

ፈረስ «ልጓም እምቢ ካለ ጆሮውን ጠምዝዞ መያዝ» የሚባለው ምክር አያስኬድም። ጆሮው የተጠመዘዘ ፈረስ በማግስቱ ጭራሽ ራሱን አያስነካም። መጀመሪያ አፉን እዩለት፤ የመንጋጋ ጥርሱ ሾሎ ጉንጩን ከወጋ ወይም የከንፈሩ ጥግ ከቆሰለ እምቢታው ሕመም ነው፣ እስኪድን ልጓም ይቅርበት። ጤነኛ ከሆነ በግራ ትከሻው በኩል ቅረቡ፤ ልክ ከኋላውና ከግንባሩ ፊት ለፊት በቅርብ ያለውን አያይም። አፉ ውስጥ የሚገባውን የልጓሙን ብረት በእጃችሁ አሙቁት (የደጋ ጠዋት ብረት በረዶ ነው)። አውራ ጣት ጥርስ በሌለበት በአፉ ጥግ ሲገባ ራሱ ይከፍታል። ስታወልቁም አትጎትቱ፣ እስኪተፋው ጠብቁት። ብዙው ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ብረቱ ጥርሱን ከመታው ነገ ራሱን ሽቅብ ይሰቅልባችኋል።