ደብዳቤው ለእኛ አይደርስም
እዚህ የወጣው ጽሑፍ ጉድለት ተገኝቶበት አምራቹ ለጥገና የጠራው መኪና ባለቤት በደብዳቤ እንደሚነገረው መግለጹ ለአሜሪካ ትክክል ቢሆንም፣ ከዚያ ያገለገለ ትንሽ ኤስዩቪ አስመጥተን አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስና ሜክሲኮ ለምንነዳው አይሠራም፤ ደብዳቤው የሚላከው እዚያው ለተመዘገበው ባለቤት ነውና። እኔ የመኪናዬ ኤርባግ ለቅያሪ መጠራቱን ያወቅሁት ሊብሬው ላይ ያለውን ባለ 17 ፊደልና አኃዝ የሻንሲ ቁጥር በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ አስገብቼ ሲሆን፣ የሸጠልኝ ነጋዴ አንዳች አልነገረኝም። ከላይ «ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ኤርባግ ገዝቶ መቀየር ነው» ያሉት አስተያየት ሰጪ ግን አደገኛ ምክር ሰጥተዋል፤ ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች የተጠሩት ውስጣቸው ያለው፣ ኤርባጉን የሚነፋው አሞኒየም ናይትሬት የተባለ ኬሚካል በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ከጊዜ በኋላ ስለሚበላሽና ሲፈነዳ የብረት ስብርባሪ ስለሚረጭ ነው፤ የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ቢሆንም፣ ያገለገለው ዕቃ ቀድሞ የት አገር እንደከረመ ሻጩም አያውቅም።