ምንዛሪ የሀብት መለኪያ አይደለም

ወንድሜ፣ «አንድ ብር ሦስት የጅቡቲ ፍራንክ በሚያወጣበት ጊዜ በሀብት እንበልጣቸው ነበር» ብለሃል። እዚህ አዳማ ከከባድ መኪና ሾፌሮችም ይህን ደጋግሜ እሰማለሁ። ግን ስህተት ነው።

ፍራንኩ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በአንድ ዶላር 177.721 ላይ ተቆልፏል። ቁጥሩ የመንግሥት ውሳኔ ነው እንጂ የሀብት ልክ አይደለም። አንድ ዶላር ለመግዛት ከመቶ በላይ የጃፓን የን ያስፈልጋል፤ ጃፓንን ድሃ የሚላት ግን የለም። አንድ ዶላር እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ አንድ ብር ሦስት ፍራንክ ያወጣ የነበረው ለዚህ ነው። ያኔም ቢሆን የጅቡቲ የነፍስ ወከፍ ገቢ ከእኛ ከእጥፍ በላይ ነበር።

የነፍስ ወከፍ ገቢም ቢሆን ሙሉውን አይናገርም። የጅቡቲ ገቢ በአብዛኛው ከወደብና ከውጭ ጦር ሰፈሮች ኪራይ ነው የሚመጣው። ይህ ብዙ ሰው አይቀጥርም፤ ሥራ አጡ ብዙ ነው። አትክልቱ እንኳ ከእኛ አገር ተጭኖ ስለሚሄድ ኑሮው ውድ ነው። ከጅቡቲው የዶራሌ ወደብ ኮንቴይነር ጭኖ የሚመለስ ሾፌር ምሳ ሲከፍል ያውቀዋል። ሰው በአማካይ በሚኖረው ዕድሜም ከእኛ የጎላ ብልጫ የላቸውም።

ማወዳደር ከፈለግክ የመግዛት አቅምን፣ የሕፃናት ሞትንና የትምህርት ዓመታትን ጎን ለጎን አስቀምጥ።