ጣርማበር ላይ የፈራው ሹፌር

ነሐሴ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚኒባስ እየወረድን ነበር። ጣርማበር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ አፍ ጋ ሹፌሩ ጥግ ይዞ ቆመ። በጋቢው ጫፍ መስታወቱን ወለወለ። ጉሙ ግን ውጭ ነው፤ ምን ሊጠረግለት!

አንድ ጎረምሳ ከኋላ ጮኸ። «ጋሼ፣ ምን ያስፈራሃል? ንዳው እንጂ!»

«ሃያ ዓመት የነዳሁት እየፈራሁ ነው» አለው፣ ዞርም ሳይል።

«በስሜት አትነዳ፣ አስብ» የሚለውን ምክር ከልጅነታችን ጀምሮ ጠግበነዋል። ስሜት አንድ ወገን፣ ሐሳብ ሌላ ወገን። እኔ አልዋጥልህ ብሎኛል። ሹፌሩ ገደሉን፣ ፍሬኑን፣ ከታች የሚመጣውን ሲኖትራክ አንድ በአንድ አስልቶ አይደለም የቆመው። ፍርሃቱ ነው ቀድሞ ያሰበለት።

ፖል ኤክማን የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ደስታን፣ ሀዘንን፣ ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ መጸየፍንና ግርምትን የሰው ልጅ ሁሉ መሠረታዊ ስሜቶች ናቸው ብሎ ነበር። ቁጥሩ ዛሬም ያከራክራል፤ ይከራከሩበት። እኔን የገረመኝ የነርቭ ሐኪሙ አንቶኒዮ ዳማሲዮ የጻፈው የአንድ ታካሚ ታሪክ ነው። ሰውየው የአንጎሉ የፊት ክፍል ተጎድቷል። የማሰብ ችሎታው ደህና ነው፤ ስሜቱ ግን ደንዝዟል። አንድ ቀን በረዶ በጋገረው መንገድ እየነዳ መጣ። ከፊቱ የነበረችው ሴት መኪናዋ ሲንሸራተት ደንግጣ ፍሬን ያዘችና ቦይ ገባች። እሱ ምንም ሳይመስለው አለፈ። እዚህ ላይ ጎረምሳችን ረታ!

በማግስቱ ግን ዳማሲዮ ለቀጣዩ ቀጠሮ ሁለት አማራጭ ቀን አቀረበለት። ሰውየው ግማሽ ሰዓት ያህል የአየሩን ሁኔታ፣ ሌሎች ቀጠሮዎቹን፣ ያንንም ይህንንም ሲያወጣና ሲያወርድ ቆየ። መወሰን አቃተው። በመጨረሻ «በሁለተኛው ቀን ና» ሲሉት «እሺ» ብሎ ሄደ። ማሰቡማ አላነሰውም። «በቃ፣ ይኼ ይሻላል» የሚል ስሜት ግን ውስጡ የለም።

አማርኛችን ይህን የሚያውቀው ይመስለኛል። «ልብ በል» ስንል አስተውል ማለታችን ነው። የማያስተውለውን ልበ ቢስ፣ የበሰለውን ልብ ገዛ እንላለን። ሆድ ይብሳል፣ አንጀት ይንሰፈሰፋል። ልብ ግን ይደነግጣልም፣ ያስባልም።

«ቁጣስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ቁጣ ያጠፋል። መንዝ ውስጥ በእርሻ ወሰን የተጣሉ ጎረቤታሞች ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ አይቻለሁ። ሽማግሌዎቹ ተበዳዩን «አትቆጣ» አላሉትም። «በደልህን ተናገር» አሉት። እስኪወጣለት ሰሙትና ለሌላ ቀን ቀጠሩት። ቁጣው የተገፋ ወሰን እንዳለ ነገራቸው፤ ዱላውን ግን ቀጠሮው ያዘላቸው። ቁጣውን ዝም ቢያሰኙት ኖሮ ወሰኑንም ባላወቁት።

ጉሙ ሲሳሳ ወረድን። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ጎረምሳው የፊቱን ወንበር በሁለት እጁ ጨብጦ ነበር። ደብረ ሲና ቆሎ ገዛ። መጀመሪያ የዘገነለት ለሹፌሩ ነው።