የስፒከር ገመድ ስትገዙ ብራንዱን ትታችሁ መዳቡን እዩ

ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ ደውሎ አሜሪካ ያለችው እህቱ የስፒከር ገመድ ልትልክለት እንደሆነ ነገረኝ፣ ዋጋውን ሲነግረኝ ደነገጥኩ፣ በዛ ብር እኮ ስፒከሩን ራሱ በተሻለ ይቀይረዋል። ገመዱ ቤዙን ያጠራል፣ ድምፁን ይከፍተዋል ምናምን የሚል አንብቦ ነው። እባክህ ተው አልኩት።

ገመድ ሥራው ከአምፕሊፋየሩ የወጣውን ሳይበላ ስፒከሩ ጋ ማድረስ ነው በቃ። የሚበላው ሬዚስታንሱ ነው (ገመዱ ኤሌክትሪኩን የሚገታበት መጠን፣ በኦም ነው የሚለካው)፣ እሱን የሚወስነው ደግሞ ውፍረቱ፣ ርዝመቱና የተሠራበት ነገር እንጂ ላዩ ላይ የተጻፈው ስም አይደለም። ውፍረቱ 2.5 ሚሊሜትር ስኩዌር የሆነ ንጹህ መዳብ 5 ሜትር ብትዘረጉ ደርሶ መልሱ 10 ሜትር ነው፣ ሬዚስታንሱ 0.07 ኦም አካባቢ፣ ለ8 ኦም ስፒከር ከ1 በመቶ በታች ማለት ነው፣ ይሄን የሚለይ ጆሮ የለም። ያ ቀጭኑ ቀይና ጥቁር ገመድ ግን 0.5 ከሆነ በዛው ርቀት 0.34 ኦም ይደርሳል፣ ስፒከራችሁ 4 ኦም ከሆነ ደግሞ ከ8 በመቶ በላይ መጣ፣ ከ5 በመቶ አይለፍ ነው የሚባለው። የስፒከር ኦም እንደ ድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ከፍ ዝቅ ስለሚል ቀጭን ገመድ ድምፁን መቀነስ ብቻ ሳይሆን ጠባዩንም ትንሽ ይቀይረዋል። ስለዚ ገመድ ለውጥ የለውም አላልኩም፣ ከበቂ ውፍረት በኋላ የሚከፈለው ብር ነው የሚያናድደኝ።

በ2007 እ.ኤ.አ. ጄምስ ራንዲ የሚባለው አሜሪካዊ አስማተኛ 7,250 ዶላር የሚሸጥን የስፒከር ገመድ በጣም ከሚረክስ ሌላ ገመድ በጆሮው ብቻ ለይቶ ላሳየ 1 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ነበር፣ ሽልማቱን የወሰደ የለም።

እኛ ጋ ግን ዋናው ችግር ውድ ገመድ አይደለም፣ መዳብ ነው ተብሎ የሚሸጠው አሉሚኒየም ነው። እኔ ራሴ መርካቶ ከአንድ ሱቅ 20 ሜትር ንጹህ መዳብ ተብዬ ገዝቼ ቤት ስልጠው ላዩ ቀይ ውስጡ ነጭ ሆኖ አገኘሁት። ይሄ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፣ ሬዚስታንሱ ከመዳቡ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ስለሆነ 2.5 ተብሎ የተሸጠው ሥራው የ1.5 ያህል ነው፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይበጠሳል። ከመክፈላችሁ በፊት ጫፉን አስልጣችሁ አንዷን ክር በምላጭ ፋቁ፣ ውስጧ ነጭ ከሆነ ተዉት። ላዩ ነጭ ሆኖ ውስጡ ቀይ ከሆነ ግን ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ነው፣ ጥሩ ነው። ጥቅሉንም በእጃችሁ መዝኑት፣ አሉሚኒየም በጣም ነው የሚቀለው። ባለሱቁ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ለጓደኛዬም ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ እህትህ የግድ ልላክ ካለች ተራውን 14 ወይም 12 ጌጅ ንጹህ መዳብ ትግዛ (የአሜሪካኖቹ ቁጥር ሲያንስ ነው ገመዱ የሚወፍረው፣ 14ቱ 2 ሚሊሜትር ስኩዌር አካባቢ ነው)፣ የቀረውን ብር ለስፒከር አስቀምጥ።

ሌላው ደግሞ አገጣጠሙ ነው። ጫፉን ጥሩ አድርጋችሁ ጠምዝዙት፣ አንድ ክር አፈንግጣ ቀዩን ከጥቁሩ ካገናኘች አምፕሊፋየሩን ልታቃጥል ትችላለች። ባለፈው ፋሲካ አክስቴ ቤት ሙዚቃ ተከፍቶ ቤዝ የሚባል ነገር የለም፣ የአክስቴ ልጅ ሰብዉፈር (ቤዝ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ልገዛ ነው ይላል፣ ከኋላ ሄጄ ሳይ የግራው ስፒከር ቀዩ ጥቁሩ ላይ ነው የገባው፣ አንዱ ወደፊት ሲገፋ ሌላው ወደኋላ እየሳበ ቤዙን እርስ በርስ ይገዳደሉታል። አዙሬ ሰካሁት፣ ከበሮው ወዲያው ተሰማ፣ አክስቴ ከጓዳ ወጥታ ምን አደረጋችሁት አለች።