በመጠይቁና በሪፖርቱ መካከል ያለው ሥራ

በደብረ ብርሃን ዙሪያ ወተት፣ በሞረትና ጅሩ ስንዴ፣ በምንጃር ሸንኮራ ጤፍ የሚረከቡ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ነጋዴዎች ስለ አቅራቢዎቻቸው ማወቅ ሲፈልጉ ዛሬ መረጃ ሰብሳቢ አሠማርተው መጠይቁን በታብሌት ማስሞላት ይችላሉ። ገንዘቡ ግን በአብዛኛው የሚወጣው በሁለቱ ጫፎች ነው፤ በመስክ ሥራውና በመጨረሻው ባለቀለም ግራፍ ላይ። በእኔ አስተያየት በመካከል ያለው ሥራ፣ ማለትም መልሶቹን ለሪፖርት በሚመች ሰንጠረዥ ማደራጀት፣ የራሱ በጀትና የራሱ ባለሙያ ይገባዋል።

ከመስክ የሚመጣው ፋይል ለጠያቂው ምቾት የተቀረጸ ነው። አንድ መላሽ አንድ ረድፍ ይይዛል፣ እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ዓምድ ይሆናል፤ «ወተትዎን ለማን ይሸጣሉ?» የሚለው ከአንድ በላይ መልስ የተፈቀደለት ጥያቄ ደግሞ በምርጫዎቹ ልክ ዓምድ ያበዛል። በዚህ ላይ በቀጥታ ግራፍ የሠራ ሰው በሚቀጥለው ዙር አንድ ጥያቄ ሲጨመር ብዙውን ሥራ እንደገና ይጀምራል። የሚሻለው ዓምዶቹን ወደ ረድፍ መገልበጥ ነው፤ ኤክሴልና ፓወር ቢአይ የተባለው የሪፖርት ማዘጋጃ ፕሮግራም ውስጥ ያለው ፓወር ኩዌሪ የተባለ የመረጃ ማደራጃ መሣሪያ ይህን በጥቂት ትእዛዝ ይሠራል። ያን ጊዜ አንድ ረድፍ አንድ መላሽ ለአንድ ጥያቄ የሰጠውን አንድ መልስ ብቻ ይይዛል፤ መላሹ፣ ጥያቄው፣ ቦታውና ቀኑ በየራሳቸው ሰንጠረዥ ተቀምጠው በመለያ ቁጥር ይያያዛሉ።

ይህ ቅርጽ የራሱ ወጥመድ አለው። 200 አርሶ አደሮች ተጠይቀው 320 መልስ ሰጡ፣ 120ዎቹም ለማኅበር እንሸጣለን አሉ እንበል። ከመላሾቹ 60 በመቶ ናቸው፤ ረድፍ የቆጠረ ሰው ግን 37.5 በመቶ ብሎ ያቀርባል። አካፋዩ የመላሾች ቁጥር ይሁን የመልሶች በሞዴሉ፣ ማለትም በተያያዙት ሰንጠረዦች፣ ውስጥ አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ ሁለት ሠራተኞች ከአንድ ፋይል ሁለት ቁጥር ይዘው ለቦርዱ ይቀርባሉ። «አላውቅም» በ99 ተመዝግቦ ከአማካዩ ሳይወጣ ሲቀር ደግሞ በቀን 99 ሊትር የምትታለብ የመንዝ ላም ሪፖርት ውስጥ ትገባለች።

በቀኑ ሰንጠረዥ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ፓወር ቢአይን የመሰሉ ፕሮግራሞች በራሳቸው የሚያበጁት የቀን ሰንጠረዥ የጎርጎርዮስን አቆጣጠር የተከተለ ነው፤ የእኛ በጀት ዓመት ግን ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ጳጉሜንም አለች። ለወተት ከሁሉ የሚከብደው ጾሙ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲሆን መግቢያው በየዓመቱ ይለዋወጣል። ፋሲካ በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ሚያዝያ 12 ውሏል፤ ስለዚህ የሁለቱን ዓመታት ሚያዝያ 20 ሽያጭ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ጾምን ከፍስክ ጋር ማነጻጸር ነው፣ «ሽያጩ አደገ» የሚለው መደምደሚያም ዋጋ የለውም። ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ የጾም ቀንን የሚያመለክት አንድ ዓምድ ይህን ስሕተት ያስቀራል፤ ዓምዱን የሚሞላው ግን አገሩን የሚያውቅ ሰው እንጂ ሶፍትዌሩ አይደለም።

የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። «ሞረትና ጅሩ» እና «ሞረትናጅሩ» ለኮምፒውተር ሁለት ወረዳዎች ስለሆኑ መያያዣው ኮድ እንጂ ስም መሆን የለበትም። ብዙ ጊዜ የሄክታር ሩብ ተደርጎ የሚታሰበው ጥማድም ከቦታ ቦታ ሊለያይ ስለሚችል፣ ገበሬው የተናገረው መጠንና ወደ ሄክታር የተቀየረው በተለያየ ዓምድ ቢቀመጡ ማመሳከር ይቻላል።

ሠላሳ አባላትን አንድ ጊዜ ብቻ ለሚጠይቅ ማኅበር ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ተራ የኤክሴል ሰንጠረዥ ይበቃዋል። በየዓመቱ የሚደጋገም ጥናት የሚያሠራ ግን ከአማካሪው ጋር በሚፈርመው ውል ውስጥ ከታተመው ሪፖርት በተጨማሪ ያልተነካውን ጥሬ ፋይል፣ የተደራጁትን ሰንጠረዦችና የኮዶቹን መግለጫ እንደሚረከብ ያስጽፍ፤ የመጨረሻው ክፍያም ከዚህ ርክክብ በኋላ ይሁን።