የስክሪፕት ሱፐርቫይዘሯ ነገር

ስለ ፊልም ሥራ ባለሙያዎች የቀረበው ጽሑፍ የዳይሬክተሩንና የፕሮዲውሰሩን ሥራ ጥሩ አድርጎ ለይቶ አሳይቷል። የስክሪፕት ሱፐርቫይዘርን ግን በአንድ መስመር ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል። ፊልም አብዛኛውን ጊዜ በታሪኩ ቅደም ተከተል አይቀረጽም። ባልና ሚስቱ በር ላይ ሲጣሉ ዛሬ ተቀርጾ፣ በሩን አልፈው ሳሎን የሚገቡበት ከሳምንታት በኋላ ሊቀረጽ ይችላል። ያኔ ስንተኛው የሸሚዝ ቁልፍ ተከፍቶ እንደነበር፣ ብርጭቆው በየትኛው እጅ እንደተያዘ፣ ተዋናዩ ምን ሲል እንደተቀመጠ መዝግባ የምትይዘው የስክሪፕት ሱፐርቫይዘሯ ናት። እሷ ከዘነጋች ኤዲተሩ ሁለቱን ሾት ማገጣጠም ያቅተዋል፤ ተመልካቹም (በተለይ እንደኔ ዓይነቱ ስህተት ለቃሚ) ወዲያው ይነቃል።

ፎከስ ፑለሩ ደግሞ ጭራሽ አልተነሳም። ተዋናይዋ ወደ ካሜራው ስትራመድ ሌንሱን ከርቀቷ ጋር እያስተካከለ የሚከተላት እሱ ነው። ትንሽ ከሳተ ያ ሁሉ ትወና ብዥ ብሎ ይቀራል፤ በኤዲቲንግም አይድንም።

የእግር ኮቴውንና የልብስ ኮሽታውን ከቀረጻ በኋላ በስቱዲዮ የሚሠሩት የፎሊ ባለሙያዎችስ? የዚህ ሙያ ፈር ቀዳጅ የሆሊውዱ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ባልደረባ የነበረው ጃክ ፎሊ ነው። ጽሑፉ ሁለተኛ ክፍል የሚኖረው ከሆነ በድምፅ ሰዎቹ ቢጀምር ደስ ይለኛል።